ጡቡ ተሠራ፤ ጉድጓዱስ?



በካኩማ በጭቃ ጡብ የተሠራ ቤት ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ጉድጓድ ትቶ የቆመ ነው። ርዝመቱ 30፣ ወርዱ 15፣ ቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጡብ ብናስብ፣ ለ1,000 ጡብ አራት ሜትር ኩብ ተኩል ያህል አፈር ያስፈልጋል። ይህም 3 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ተኩል ወርድና 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ማለት ነው። የመጸዳጃ ቤቱ ጉድጓድ፣ የውሃ ቧንቧው ቦይ፣ ለመንገድ ሥራ ገረጋንቲ የወጣበት ሰፊ ቦታና የቆሻሻ መጣያው ሲደመርበት፣ ካምፑ ከተቋቋመበት ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስንት መሬት እንደተገለበጠ መገመት አያዳግትም።

ቤት መሥራት ግዴታ ነው፤ ስለዚህ መቆፈርም አይቀርም። በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የምንፈልገው አንድ ጉዳይ ነው። የቁፋሮ ሥራ የሚያልቀው የሚፈለገው አፈር ሲወጣ ሳይሆን ቦታው ተስተካክሎ ሣር ሲለብስ ነው። ይህንንም በዶማ፣ በአካፋ፣ በድንጋይና በእሾህ ማከናወን ይቻላል፤ የሥራው ቅደም ተከተል ከታወቀ።

መሬቱ ለምን በራሱ አይድንም?

ከአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ለመጣ ሰው ጉድጓድ ብዙ የሚያስጨንቅ ነገር አይመስለውም። አዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። እዚያ በሰኔ የተቆፈረ አፈር በመስከረም ሣር ለብሶ ይገኛል። የቱርካና ቆላ ግን ሌላ ነው። በካኩማ አካባቢ በዓመት የሚዘንበው በአማካይ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛው ከማርች እስከ ሜይ፣ ጥቂቱ ደግሞ በኦክቶበርና በኖቬምበር ይወርዳል። አንዳንድ ዓመት ጨርሶ ይቀራል፤ ሲመጣም በጥቂት ቀናት ውስጥ በኃይል ወርዶ ያበቃል።

ሁለተኛው ምክንያት አፈሩ ራሱ ነው። የመሬት ሕይወት ያለው በላይኛው ንብርብር፣ በመጀመሪያዎቹ 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ነው። የሣር ዘር፣ የበሰበሰ ቅጠልና ሥር፣ እንዲሁም ተክልን የሚመግቡ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት በብዛት የሚገኙት እዚያ ነው። ስንቆፍር ይህ የላይ አፈር ከታች ይቀበራል ወይም በጡብ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ከላይ የሚወጣው የታች አፈር ዘር የለውም፤ ምግቡም ትንሽ ነው። በብዙ ቦታ ደግሞ ጨው ይበዛዋል።

ሦስተኛው ቅርፊቱ ነው። ሣር በሌለበት መሬት ላይ የዝናብ ጠብታ እንደ መዶሻ ይመታል። የተፈረካከሰው ደቃቅ አፈር የመሬቱን ቀዳዳ ይደፍነውና ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። በሚቀጥለው ዝናብ ውሃው ወደ ውስጥ መግባቱ ቀርቶ ከላይ ይንሸራተታል። ሒሳቡን በጀሪካን እናስላው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። 10 ሜትር በ10 ሜትር በሆነ ቦታ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 2,000 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 100 ጀሪካን ይሆናል። ከዚህ ግማሹ በቅርፊቱ ላይ ከፈሰሰ 50 ጀሪካን ውሃ ሄደ ማለት ነው። የሄደውም ባዶውን አይደለም፤ አፈርና ዘር ይዞ ነው። ስለዚህ በደረቅ አገር የተቆፈረን መሬት ጊዜ አይጠግነውም፤ እንዲያውም ያሰፋዋል።

ጉዳቱ በማን ላይ ይደርሳል?

በመጀመሪያ በልጆች ላይ ነው። ዝናብ የሞላው ጉድጓድ ላይ ላዩን ሲታይ ጥልቀቱ አይለይም። ጠርዙ ሙልጭልጭ ስለሚሆንም የገባ ልጅ በቀላሉ መውጣት አይችልም። ቀጥሎ ወባ ነው። የወባ ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው በረጋ ውሃ ውስጥ ሲሆን፣ በሞቃት ቦታ ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ያለው ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ያህል ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት ውሃ የሚያቁር የጡብ ጉድጓድ በደጃፍ ካለ ትንኝ በጓሮ እንደማርባት ይቆጠራል።

ሦስተኛው ቦረቦር ነው። ከጉድጓዱ ጠርዝ የሚጀምር ትንሽ የውሃ መውረጃ በየዝናቡ ወደ ላይ እየበላ ይሄዳል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ዘንድሮ ሕፃን የሚዘለው ስንጥቅ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከቤት ግድግዳ ሥር ይደርሳል። ታራች የሚባለውን ላጋ ጎርፍ የሚያውቅ የካኩማ ነዋሪ ይህን ለማመን ማስረጃ አይጠይቅም።

አራተኛው ከአስተናጋጆቻችን ጋር ያለን ግንኙነት ነው። መሬቱ የቱርካና ሕዝብ መሬት ነው። ለእኛ ባዶ ሜዳ የሚመስለን ቦታ ለእነርሱ የፍየል ግጦሽ ነው። በላጋው ዳር የቆመ ዛፍም ብዙ ጊዜ ባለቤት አለው። ቱርካናዎች «ኤክዋር» በሚሉት ባህላዊ ሥርዓት መሠረት፣ በወንዝ ዳር ያለ የዛፍ ጥላና ፍሬ የመጠቀም መብት የአንድ ቤተሰብ ሆኖ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ቆፍሮ የሚተው እንግዳ ሲበዛ ቅሬታ ይመጣል። ቅሬታውም እንጨት ፍለጋ ወይም ውሃ ለመቅዳት በወጣች ሴት ላይ ያርፋል።

ከመቆፈር በፊት

ግማሹ ሥራ የሚያልቀው ዶማ ከመነሳቱ በፊት ነው።

1ኛ/ ቦታውን አስፈቅዱ። የብሎክ መሪውንና አስፈላጊ ሲሆን የአካባቢውን ሽማግሌዎች መጠየቅ ይገባል። በላጋ ዳር፣ በዛፍ ሥር፣ በመንገድና በቤት አጠገብ መቆፈር የለበትም።

2ኛ/ በአንድ ላይ ቆፍሩ። አሥር ቤተሰብ አሥር ጉድጓድ ከሚከፍት አንድ ቦታ ተስማምቶ ቢቆፍር ለማጠርም፣ ለመድፈንም፣ ለመጠበቅም ይቀላል።

3ኛ/ የላይ አፈሩን ለብቻው አስቀምጡ። የመጀመሪያውን አንድ ስንዝር ያህል አፈር ገፋችሁ ጎርፍ በማያገኘው በላይኛው በኩል ከምሩት። ክምሩ ከ1 ሜትር ከፍታ ባይበልጥ ይመረጣል። ለጡብ የሚውለው ከዚያ በታች ያለው አፈር ነው። ይህ ክምር የመሬቱ መድኃኒት ስለሆነ በምንም ነገር ሊተካ አይችልም።

ከተቆፈረ በኋላ፤ መጀመሪያ ቅርጹ

ብዙ ሰው የተቆፈረ ቦታ ይለማ ሲባል ቶሎ የሚታየው ዘር መበተን ወይም ችግኝ መትከል ነው። ዘር ግን ከሥራው መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነው። ገደል በሆነ ጠርዝና በደረቀ ቅርፊት ላይ የተበተነ ዘር ወይ ጎርፍ ይወስደዋል፣ ወይ ጉንዳን ይለቅመዋል።

ጉድጓዱን በተሰበረ ጡብ፣ በድንጋይና በትርፍ የታች አፈር ሙሉት። በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እየረገጣችሁ አጥብቁት። ፕላስቲክ፣ ባትሪና የሕክምና ቆሻሻ በውስጡ መጣል ክልክል መሆን አለበት። የሚሞላ አፈር ካልተገኘ የጉድጓዱን ግድግዳ አፍርሳችሁ ዘርጉት። ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ጥልቀት 3 ሜትር ወደ ጎን የሚሄድ ተዳፋት ከተደረገ ልጅም ፍየልም ገብቶ መውጣት ይችላል፤ አፈሩም አይናድም። በመጨረሻ ያስቀመጣችሁትን የላይ አፈር ከላይ አልብሱት።

ሞልቶ የተዘጋ የመጸዳጃ ጉድጓድ ሲሆን በላዩ ቢያንስ ግማሽ ሜትር አፈር ይደረግበታል። አፈሩ ከጊዜ በኋላ ስለሚሰምጥ እንደ ጉብታ ከፍ ብሎ ይከመር፤ ቦታውም ምልክት ይደረግበት። ለጡብ አፈር ተብሎ ይህ ቦታ እንደገና መከፈት የለበትም።

ሲያልቅ መሬቱን እንደ አውድማ አትለቅልቁት። ሻካራ መሬት ውሃ ይይዛል፤ ለስላሳ መሬት ይለቃል። በተዳፋቱ ላይ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን አግድም፣ ከፍታውን ጠብቃችሁ በዶማ ጫሩት። ከፍታው እኩል የሆነበትን መስመር ለማግኘት ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውሃ የተሞላ ቱቦ ይበቃል።

ቀጥሎ ውሃውን መያዝ

ለሣርም ለዛፍም የሚሆን ቀላል ዘዴ «ግማሽ ጨረቃ» የሚባለው ነው። ሁለት ሜትር ገመድ በችካል ላይ አስራችሁ፣ አፉ ወደ ላይኛው ተዳፋት የዞረ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 4 ሜትር የሆነ ግማሽ ክብ ሥሩ። ከውስጥ ጥቂት ቆፍራችሁ አፈሩን በታችኛው በኩል 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ክትር አድርጋችሁ አጥብቁት። ሁለቱ ጫፎች በእኩል ከፍታ ላይ መሆን አለባቸው። የሚቀጥለው ረድፍ ከላይ ባሉት ሁለት ግማሽ ጨረቃዎች መካከል ይሠራል። በዚህ መንገድ ከላይኛው የተረፈውን ውሃ የታችኛው ይቀበላል። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከሰፊው ቦታ ተሰብስቦ በትንሹ ቦታ ሲገባ ለተክሉ ብዙ እጥፍ ይሆንለታል።

ይህ ለቱርካና እንግዳ ነገር አይደለም። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰሜን ቱርካና በሎኪታውንግ አካባቢ ክንፍ ያላቸው ትላልቅ የአፈር ክትሮች ተሠርተው፣ በጎርፍ ውሃ ብቻ ማሽላ ተመርቶባቸዋል። ጎርፍ የሚያልፍበትንና የሚረጋበትን ቦታ ከአካባቢው ሽማግሌዎች የበለጠ የሚያውቅ ስለሌለ ቀድሞ መጠየቅ ድካም ይቀንሳል።

ቦረቦር ከተጀመረ ከላይ፣ ውሃው ከሚገባበት ጫፍ ጀምሩ። ወደ ውስጥ የሚገባውን ጎርፍ በትንሽ እርከን ወደ ጎን አስቀይሱ፤ ወደ ሰው ቤት እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ከዚያ በቦረቦሩ ውስጥ የድንጋይ ክትር ሥሩ። መሠረቱ 30 ሳንቲ ሜትር ይቆፈራል፤ ጫፎቹ በሁለቱም ግድግዳ ውስጥ ይገባሉ፤ ከፍታው ከ1 ሜትር አይበልጥም። ከሁሉም በላይ መሐሉ ከጎኖቹ ዝቅ ማለት አለበት። መሐሉ ከፍ ካለ ውሃው በጎን ዞሮ ግድግዳውን ይንደዋል፤ ክትሩም ከነበረው የባሰ ጉዳት ያመጣል። የታችኛው ክትር ራስ ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ሲሆን ርቀታቸው ትክክል ነው።

አሁን ዘሩ

ደረቅ አገርን የሚችሉ ሣሮች የዚሁ አካባቢ ተወላጆች ናቸው። በኬንያ ስምጥ ሸለቆ በባሪንጎ ሐይቅ ዙሪያ ከ1982 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በግጦሽ ብዛት የተራቆተ መሬት በአገር በቀል ሣር እንዲለብስ ተደርጓል። በዚያ ከሠሩት ሣሮች መካከል በሳይንስ ስማቸው ሴንክረስ ሲሊያሪስ፣ ኤንተሮፖጎን ማክሮስታኪዩስ፣ ክሎሪስ ሮክስበርጊያና እና ኤራግሮስቲስ ሱፐርባ የሚባሉት ይገኛሉ። የመጨረሻው ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ የጤፍ የቅርብ ዘመድ ነው። ሥራው የተሳካው ቦታው ታጥሮ ሣሩ ሥር እስኪሰድ ድረስ ከከብት በመጠበቁ ነው። ከዚያ በኋላ ሣሩ ለግጦሽ፣ ለቤት ክዳንና ለዘር ሽያጭ ጥቅም ሰጥቷል።

ስለ ዘር ማወቅ የሚገባን እነሆ፦

- በዚያው ዓመት የተለቀመ የሣር ዘር ብዙ ጊዜ አይበቅልም። በተለይ ሴንክረስ በደረቅና ጥላ በሆነ ቦታ፣ አየር በሚያስገባ ከረጢት ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ሲቀመጥ አበቃቀሉ ይሻላል።

- መጠኑ በሄክታር 5 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ይህም 10 ሜትር በ10 ሜትር ለሆነ ቦታ 50 ግራም ይሆናል። ክፉኛ ለተጎዳ መሬት እጥፍ ማድረግ ይቻላል። ዘሩ ቀላል ስለሆነ ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ መዝራት እኩል ለመበተን ይረዳል።

- ጥልቀቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር አይበልጥ። በቅርንጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርጎ በእግር መርገጥ ይበቃል። እንደ በቆሎ የተቀበረ የሣር ዘር አይወጣም።

- ጊዜው ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው። በጣም ቀድሞ የተዘራ ለጉንዳንና ለነፋስ ይዳረጋል፤ ዘግይቶ የተዘራ ደግሞ ያችን አጭር እርጥበት ያመልጠዋል።

- በላዩ እሾሃማ ቅርንጫፍና ደረቅ ሣር ጎዝጉዙበት። ጉዝጓዙ ጠብታውን ይሰብራል፣ እርጥበት ይይዛል፣ የፍየልንም አፍ ያርቃል።

የፍየል በጠጥ ለተራቆተ አፈር ጥሩ ማዳበሪያ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኬንያውያን «ማቴንጌ»፣ ቱርካናዎች «ኤቲራይ» የሚሉት ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ የሚዛመተው ፍሬውን ፍየል ስትበላ ነው፤ ዘሩ በሆዷ አልፎ ከበጠጡ ጋር ይወጣል። ስለዚህ በጠጡን አበስብሳችሁ ተጠቀሙ፤ የሚበቅለውን የማቴንጌ ችግኝም ገና ጣት ሳያህል ከነሥሩ ንቀሉ። የእኛው አፋር ክልል በዚህ ዛፍ ምን ያህል ግጦሽ እንዳጣ የሚያውቅ ሰው ሆን ብሎ አይተክለውም። አድጎ የተገኘውን ግን ቆርጦ ለማገዶና ለአጥር ማዋል ይጠቅማል፤ ግራሩንም ከመቆረጥ ያተርፋል።

ዛፍ መትከል የሚፈልግ ውሃ በሚሰበሰብበት በግማሽ ጨረቃው ውስጥ ይትከል። ቱርካናዎች «ኤዎይ» የሚሉት ጥላው ሰፊ ግራርና «ኤሴኮን» የሚሉት መፋቂያ የሚቆረጥለት ቁጥቋጦ ለዚህ አገር የተፈጠሩ ናቸው። ሥሩ ላይ በመርፌ የተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቀብሮ የእጅ መታጠቢያ እጣቢ በጥቂቱ መሙላት ችግኙን የመጀመሪያውን በጋ ያሳልፈዋል። በረኪና ያለበት ውሃ አይሆንም። ከመጠጥ ውሃ ቀንሶ ችግኝ ማጠጣት ደግሞ ማንም አይጠበቅበትም።

የሚከብደው ጥበቃው ነው

ክትሩም ዘሩም ትክክል ሆኖ ሥራው የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ገና ሥር ያልሰደደ ሣር ፍየል ስትጎትተው ከነሥሩ ይነቀላል። ቢያንስ ሁለት የዝናብ ወቅት እንስሳት መግባት የለባቸውም። ከዚያ በኋላም ሣሩን አጭዶ መውሰድ ከማስጋጥ ይሻላል።

እሾህ ብቻውን አይጠብቅም፤ ስምምነት ያስፈልጋል። የአገራችን ታሪክ ይህን ያስተምራል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በምግብ ለሥራ እጅግ ብዙ እርከን ተሠራ፤ ሰፊ ቦታም ተከለለ። በ1991 (እ.ኤ.አ.) መንግሥት ሲለወጥ ግን በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ፤ የተተከለውም ዛፍ ተቆረጠ። ሕዝቡ ሥራውን በትእዛዝ የተሠራ የሌላ ሰው ንብረት አድርጎ ያየው ስለነበር ነው። በሌላ በኩል የኮንሶ ሕዝብ እርከን በባለቤቱ እጅ ትውልድ ከትውልድ እየተጠገነ ቆይቶ በ2011 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ቀበሌ ገበሬዎችም ተራቁቶ የነበረውን መሬታቸውን ከልለውና ክትር ሠርተው መልሰው በማልማታቸው በ2012 (እ.ኤ.አ.) ኢኳቶር የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል።

ስለዚህ ዘሩ ከመዘራቱ በፊት «ሣሩን ማን ያጭዳል?» የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት አለበት። በብሎኩ ነዋሪዎችና በአቅራቢያው ባሉ የቱርካና ቤተሰቦች መካከል ስምምነት ይደረግ። ለምሳሌ የታጨደው ሣር ለፍየል ባለቤቶቹ ሲሰጥ እነርሱም እንስሶቻቸውን ከቦታው ያርቃሉ። ጥቅሙ የጋራ የሆነ አጥር በሌሊት አይነቀልም።

ምን እንጠብቅ?

በመጀመሪያው ዝናብ ብዙ ጊዜ የሚወጣው የተዘራው ሣር ሳይሆን አረም ነው። ይህን አይታችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ አረሙም አፈሩን ይይዛል፣ ጥላም ይሆናል። የዘራችሁት ሣር ጉጥ ጉጥ እያለ በግልጽ የሚታየው በሁለተኛው ወቅት ነው። ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ ክትሮቹን ዙሩ፤ የተሸነቆረውን በዚያው ዕለት ድፈኑ። ዝናቡ ጨርሶ ከቀረ ዘሩ ሊጠፋ ስለሚችል ጥቂት ዘር ለሚቀጥለው ዓመት ማስቀረት ብልህነት ነው። ገረጋንቲ የወጣበትን ዓይነት ሰፊና ጥልቅ ጉድጓድ በእጅ መድፈን ስለማይቻል፣ በብሎክ መሪው በኩል ለሚመለከተው አካል ማመልከትና እስኪደፈን ድረስ ዙሪያውን በእሾህ ማጠር ያስፈልጋል።

የቀን ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። በጃንዋሪ ቦታው ይመረጣል፣ ስምምነቱም ይደረጋል። በፌብሩዋሪ ጉድጓዱ ይሞላል፣ ተዳፋቱና ክትሩ ይሠራል፣ አጥሩም ይታጠራል። በማርች ደመናው መሰብሰብ ሲጀምር ዘሩ ይዘራል። በኦክቶበር የተጎዳው ይጠገናል፣ ባዶ የቀረውም እንደገና ይዘራል። ለአንድ የጡብ ጉድጓድ ይህ ሁሉ የጥቂት ጎረቤቶች የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ቦረቦሩ ከግድግዳ ሥር ከደረሰ በኋላ ግን የሚጠይቀው ሌላ ቤት መሥራትን፣ ለዚያም ሌላ 1,000 ጡብና ሌላ ጉድጓድን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ከመጪው ዝናብ በፊት በየደጃፋችን ያለውን ጉድጓድ እንመልከት።